የሳሎኑ ዘንባባ

ወይዘሮ የማርያምወርቅ ለዓይናቸው ሕክምና ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ የቤታቸውን ቁልፍ ለምራታቸው ለሩት ሰጧት፤ ቀጥለው «ቆይ እስቲ» ብለው መልሰው ተቀበሏት፤ ከዚያ ደግሞ ሰጧት። መኪናው በር ላይ ቆሞ ጥሩንባውን ይነፋል። ልጃቸው ሐብተማርያም ሻንጣውን ጭኖ ጨርሷል። እሳቸው ግን በሳሎኑ መስኮት አጠገብ ከቆመው ዘንባባ መላቀቅ አቃታቸው። ዓይናቸውን ሞራ ስለጋረደው ቅጠሉን የሚያዩት በጣታቸው ነበር፤ አንዱን ዝንጣፊ ከሥሩ እስከ ጫፉ ዳሰሱት።

«ቤቱስ ቤት ነው፤ ሌባ ቢገባም የሚወስደው የለም» አሉ። «ይሄን ግን አደራ ሩት። አደራ ብያለሁ።»

«እሺ እማማ።»

«ውሃውን እንዳትረሺ።»

«አልረሳም።»

ሩት አደራ የሚለውን ቃል ትፈራዋለች። ቦዲቲ አባቷ ቤት ሳለች፣ አደራ ከመብላት የሰው ከብት መስረቅ ይቀላል ሲባል ነው የሰማችው። መኪናው ከዓይን እስኪጠፋ እጇን ስታውለበልብ ቆይታ ወደ ሳሎን ተመለሰችና ዘንባባውን ከላይ እስከ ታች አየችው። ዘንባባውም እሷን የሚያያት መሰላት።

ተክሉ እንዲሁ የቤት ጌጥ አልነበረም። የወይዘሮ የማርያምወርቅ ባል አቶ አብርሃም በሕይወት ሳሉ የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ። አንድ ጊዜ ከአርባ ምንጭ ሲመለሱ መኪናቸው አባያ ሐይቅ ዳር ተበላሸባቸው። መለዋወጫ እስኪመጣ ሲጠብቁ ከውሃው አጠገብ የበቀለች ስንዝር የማትሞላ የዘንባባ ችግኝ አዩ። ከነአፈሯ ነቅለው፣ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለው፣ ጋቢና ውስጥ አስቀምጠው ሶዶ አመጧት። የቆላ ተክል የዳሞታ ተራራን ብርድ አይችልም ብለው ውጭ ሳይተክሏት በትልቅ የሸክላ ማሰሮ ሳሎን አስገቧት። እሳቸው ሲያርፉ ዘንባባው ከመጋረጃው ዘንግ በልጦ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሚስታቸው ቅጠሉን በእርጥብ ጨርቅ ሲወለውሉ፣ ከሰው ጋር እንደሚያወራ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። በየዓመቱ ሆሳዕና ሲደርስ ከታች ከታች ያሉትን ጥቂት ዝንጣፊዎች ቆርጠው ለጎረቤት ያድላሉ። ሰፈሩም የአብርሃምን ዘንባባ ሳይዝ ቤተ ክርስቲያን አይሄድም።

ሩት ደግሞ የፕሮቴስታንት ልጅ ናት። ሐብተማርያም «እሷን ነው የማገባው» ሲል እናቱ አልጮሁም፣ አልተራገሙም፤ ዝም ብቻ አሉ። ባልና ሚስቱ በዚያው ግቢ፣ ከኋላ ባሉት ክፍሎች መኖር ከጀመሩ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። በዚያ ሁሉ ጊዜ በአማትና በምራት መካከል ደህና አደርሽ፣ ደህና ዋሉ ከሚለው ያለፈ ነገር አልነበረም። ሩት ይህ አደራ በር እንደሚከፍትላት ታውቃለች። ከተበላሸ ግን በሩ ዳግመኛ እንደማይከፈት ታውቃለች።

አማቷ በሄዱ በሳምንቱ ከአዲስ አበባ የሐብተማርያም እህት መስከረም ደወለች።

«ስሚኝ ሩት፣ የእማዬ ስኳር ከፍ ብሏል። ሐኪሙ ካልወረደ ዓይኗን አልነካም ብሏል። ክፉ ወሬ እንዳትሰማ። ምንም ነገር ቢፈጠር ለእኔ እንጂ ለእሷ እንዳትነግሪ፤ እሺ?»

«እሺ። ምን ይፈጠራል ብለሽ ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ብቻ ቀን ከሌት የምታወራው ስለዚያ ዘንባባ ነው።»

ጊዜው ሚሊኒየሙ የገባበት ዓመት ነበር። ለበዓሉ የተሰቀሉት ጨርቆች ገና ሳይወርዱ ፀሐይ አንጥቷቸዋል፤ በልጉ ቀርቷል፤ ዳሞታ ራስ ላይ ደመና ይከመርና ሳይዘንብ ይበተናል። መብራትም ቧንቧም በፈረቃ ሆኗል። ሩት አራተኛ ክፍል ሳይንስ ስታስተምር ውላ ትመለስና ጀሪካኗን ይዛ ትሰለፋለች። ካመጣችው ውሃ አስቀድማ የምትቀዳው ለዘንባባው ነው። አማቷ «ውሃውን እንዳትረሺ» አሉ እንጂ በስንት ቀን፣ ምን ያህል፣ አላሉም። እሷም ጠይቃ «ይቺ ምን ታውቃለች» መባልን ፈራች። ስለዚህ ጠዋት አንድ ጆግ፣ ማታ አንድ ጆግ ታጠጣው ጀመር። የበዛ ፍቅር የሚጎዳ አልመሰላትም።

የመጀመሪያው ቢጫ ቅጠል ከታች ነበር። እርጅና ነው ብላ በመቀስ ቆረጠችው። ከዚያ ሁለተኛው ቢጫ ሆነ፤ የሌሎቹም ጫፍ እሳት እንደነካው ቡኒ ሆነ። ውሃ ጠምቶት ይሆናል ብላ ጆጉን ጨመረች። ባሰበት። ብርሃን አንሶት ይሆናል አለችና ማሰሮውን በጆንያ ላይ እየጎተተች ወደ በረንዳው አወጣችው። በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከዓመት ዓመት ከመጋረጃ ጀርባ የኖረው ቅጠል በዚያ ፀሐይ ተጠብሶ፣ ነጭ ነጭ ጠባሳ አውጥቶ ጠበቃት። መልሳ ጎትታ አስገባችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ እምቢ አላት። ምግብ ስታላምጥ ዘንባባው፣ የተማሪዎቿን ደብተር ስታርም ዘንባባው፣ ጸሎት ስትጸልይ ዘንባባው ሐሳቧን ይሰርቀው ጀመር። ጠዋት ሳሎኑን ስትከፍት ከበሩ ላይ ቆማ ዓይኗን ትጨፍናለች፤ ድብብቆሽ ስትጫወት ቆጥራ እንደምትገልጥ ልጅ ቀስ ብላ ትገልጠዋለች። አንድ ተጨማሪ ቢጫ ሁሌም አይጠፋም።

ሐብተማርያም ሁምቦ ውስጥ ተራራ መልሶ የማልማት ሥራ ላይ ስለነበር የሚመጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው።

«ሩትዬ፣ እኛ እዚያ በሺህ የሚቆጠር ችግኝ ተክለን ስንቱ በድርቅ አለቀ» አላት። «አንቺ በአንድ ዛፍ እንዲህ ትሆኛለሽ?»

«የእናንተን እናትህ አደራ አላሉትም።»

ሐብተማርያም ዘንባባውን ዞሮ አየው፤ አባቱ ያስቀመጡበትን ቦታ አየ፤ ፈገግታውም ጠፋ። «እስኪሻለው ለእማዬ ምንም እንዳትነግሪ» አለ።

አለመናገር ግን ቀላል አልነበረም። ወይዘሮ የማርያምወርቅ በየሁለት በየሦስት ቀኑ ይደውላሉ። ሰላምታው አጭር ነው፤ ከዚያ ወዲያው «እንዴት ነው?» ይላሉ። ሩት ማን እንዴት ነው ብላ አትጠይቅም።

«ደህና ነው እማማ።»

«ለምልሟል?»

«ለምልሟል።»

«የላይኛው ጫፉ ጣሪያ ሊነካ ነበር። ነካ?»

«ሊነካ ነው።»

ስልኩን ስትዘጋ ፊቷ ይግላል። ውሸቱ አንድ ጊዜ ከወጣ በኋላ በሚቀጥለው ስልክ ሌላ ውሸት ይወልዳል። አንድ ቀን ደግሞ «አዲስ ቅጠል ጨምሯል» አለች፤ ማንም ሳይጠይቃት።

ጎረቤታቸው እትዬ አሳየሽም አላሳረፏትም። የወይዘሮ የማርያምወርቅ የልብ ወዳጅ ናቸው፤ በግንቡ አጥር በኩል ያለችውን ትንሽ በር ከፍተው እንደ ቤታቸው ይገባሉ። «የማርያምወርቅ እንዴት ሆነች?» ይላሉ፤ ዓይናቸው ግን ከዘንባባው አይነቀልም። ጎንበስ ብለው የማሰሮውን ሥር ያያሉ።

«ወለሉ ላይ ውሃ አይፈስም?»

«አይፈስም እትዬ።»

«ጠብ አይልም?»

«ምንም።»

«እህህ…» ብለው ይተነፍሱና ነጠላቸውን አጣፍተው ይወጣሉ። ያቺ «እህህ» ሩትን ከእንቅልፏ ታባንናታለች። ነገ ደውለው ይነግሩብኛል፤ «ዘንባባሽን ጴንጤዋ ገደለችው» ይላሉ፤ ሰፈሩ ይሰማል፤ ብላ ታስባለች። ሴትየዋ ግን ለማንም ሳይናገሩ በማግስቱ ተመልሰው መጥተው ያንኑ ይጠይቃሉ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት አባቷ አቶ ኤርካሎ ከቦዲቲ መጡ። ገበሬ ናቸው። እንሰታቸውንና ስኳር ድንቻቸውን እንጂ ከተማ አይወዱም፤ ልጃቸው በስልክ ድምጿ ከስቶባቸው ነው የመጡት። ሲገቡ ሩት ጆጉን ይዛ ዘንባባው ላይ ጎንበስ ብላ አገኟት።

«የኛ ስኳር ድንች መሬት ውስጥ እንዳለ ደረቀ» አሉ በወላይትኛ፣ ተቀምጠው። «ይሄ ይበላል?»

«አይበላም አባዬ።»

ሩት ጆጉን አስቀመጠችውና ድንገት ሆድ ባሳት፤ አለቀሰች። ሁሉንም ነገረቻቸው፤ አደራውን፣ በረንዳውን፣ የስልኩን ውሸት። አባቷ እስክትጨርስ ጠበቋትና ተነሥተው ግንዱን በመዳፋቸው ያዙት፣ ነቀነቁት። ከላይ ካሉት ዝንጣፊዎች መሐል ገና ያልተፈታ፣ እንደ ጦር የቀጠነ ለጋ ቅጠል ቆሟል። እሱን በሁለት ጣታቸው ጨመቅ አደረጉት።

«ይሄ ቀላል ነው» አሉ። «እንሰት ሲደክም ምን እናደርጋለን? አናቱን ቆርጠን ልቡን እናወጣለን። ሥሩ ይቆጣና ዙሪያውን ልጅ ያፈላል። በአንዱ ፋንታ ሃያ ይሆንልሻል።» ከወገባቸው ቢላቸውን አወጡ።

ሩት ለአፍታ ልቧ በተስፋ ሞላ። አባቷ እንሰት ላይ ተሳስተው አያውቁም። ሃያ ችግኝ ሳሎኑን ሞልቶት ታያት። ቢላዋው ለጋውን ቅጠል ሲነካው ግን እጃቸውን ለቀም አደረገችው።

«አባዬ ቆይ! ባያፈላስ?»

«ያፈላል።»

«ይሄ እኮ እንሰት አይደለም።»

«ቅጠሉን አላየሽም? ዘመድ ነው።»

«ዘመድ ይሁን። ከሥሩ ልጅ ሲያወጣ ማንም አይቶት አያውቅም። አንድ አናት ብቻ ነው ያለው፤ እሱን ቆርጠነው ካልበቀለ ምን ይዤ ልቆም ነው?» ዕድሜዋን ሙሉ የአባቷን እጅ ይዛ ከልክላ አታውቅም።

አቶ ኤርካሎ ቅር አላቸው። ቢላቸውን መለሱ። «ታዲያ ምን ላርግልሽ? ውሃ አጠጥተሻል፣ ፀሐይ አሙቀሻል፤ ምን ቀረው?»

ይሄን ጊዜ ሩት ክፍል ውስጥ ልጆቹን በየዓመቱ በቃል የምታስደግማቸው ነገር ትዝ አላት። ተክል ለማደግ ምን ምን ያስፈልገዋል? ውሃ። የፀሐይ ብርሃን። አየር። ውሃውን በጆግ፣ ፀሐዩን በበረንዳ ሰጥታለች። አየር? ጎንበስ ብላ አፈሩን አሸተተችው። የከረመ ረግረግ ሽታ ነበረው።

«እናውጣው» አለች።

ማሰሮውን በጎኑ አጋደሙት። አባቷ ግንዱን አቅፈው፣ እሷ ማሰሮውን ይዛ፣ ጥቂት በጥቂት እያወዛወዙ ሳቡት። ሲወጣ ጥቁር ውሃ ወለሉ ላይ ተዘረገፈ። ከታች ያለው ሥር በስብሶ በእጅ ሲነኩት ይሟሟል፤ ከላይ በኩል ያለው ግን ገና ነጭና ጠንካራ ነበር። ሩት ማሰሮውን ገልብጣ ታቹን አየች። ውሃ ማንጠፊያው ቀዳዳ ላይ ጨርቅ ተጠቅጥቆበታል፤ በጣት የማይወጣ፣ በደንብ የተደፈነ። አቶ ኤርካሎ በቢላቸው ጫፍ ፈልቅቀው አወጡት።

«ይሄንን ማን ደፈነው?»

«አላውቅም» አለች ሩት።

የበሰበሰውን ሥር ቆረጡ፤ ጤነኛውን ሳይነኩ ተዉት። ከግቢው ጥግ አፈር ቆፍረው ከአሸዋና ከደቃቅ ጠጠር ጋር ቀላቀሉ። የደረቁትን ቅጠሎች አነሡ። መልሰው ሲተክሉት ያ ሳሎኑ ላይ አጥልቶ የነበረው ዛፍ ሦስት ዝንጣፊና አንድ ያልተፈታ ለጋ ብቻ ይዞ ቆመ። ፀጉሩን የተላጨ በሽተኛ ይመስል ነበር። አቶ ኤርካሎ ሲሰናበቱ «እንግዲህ ተይው፤ ውሃም ነፍጊው» አሏት። ሩት ከዚያ ወዲያ ጆጉን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበት፤ እጇን አላመነችውም።

ማታ ሐብተማርያም ሲመጣ የሆነውን ነገረችው። የቢላዋው ነገር ላይ ስትደርስ ፊቱ ተለዋወጠ። አባያ ዳር ከብት ጠባቂዎች አናታቸውን የቆረጧቸው ዘንባባዎች አይቷል፤ አንዱም ዳግመኛ አላቆጠቆጠም፤ እንደ ስልክ እንጨት ደርቀው ቆመዋል አላት። ሩት ያንን ስትሰማ ያለፈው ፍርሃት እንደ አዲስ መጣባት፤ እጇን በእጇ ይዛ ተቀመጠች።

ሆሳዕና ደረሰ። ዋዜማው ቅዳሜ ከሰዓት ላይ እትዬ አሳየሽ በአጥሩ በር ገቡ። ሩት ሲመጡ አይታ የሳሎኑን በር ልትዘጋ አሰበች፤ ግን አልቻለችም። ሴትየዋ ገብተው ዘንባባውን ሲያዩ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«የዘንባባዬን ልወስድ ነበር የመጣሁት» አሉ ቀስ ብለው።

ሩት የመጣው ይምጣ አለች። ዝንጣፊ ቢቆረጥ ተክሉ እንደሚሞት፣ አልሰጥም ብትል ደግሞ በዓላቸውን እንደናቀች እንደሚቆጠርባት ስታስብ ሳምንቱን ሙሉ ተጨንቃለች። «እትዬ፣ ይቅርታዎን። መቁረጥ አልችልም። አበላሽቼዋለሁ። ውሃ አብዝቼበት ሥሩ በሰበሰ። የማሰሮውም ቀዳዳ በጨርቅ ተደፍኖ ነበር፤ ማን እንደደፈነው…»

እትዬ አሳየሽ ሶፋው ጫፍ ላይ ዘጭ ብለው ተቀመጡ።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ኧረ እኔ ነኝ ልጄ። ባለፈው ክረምት የማርያምወርቅ ከማሰሮው የፈሰሰ ውሃ አዳልጧት ወደቀች፤ ዓይኗ አያይ። ‹አሳየሽ ድፈኝልኝ› አለችኝ፤ ደፈንኩት። እሷ እንኳ አፈሩን እየዳሰሰች ጠብታ ነበር የምትሰጠው። አንቺ ግን ጆግ ስትገለብጪ አጥር ላይ ሆኜ እያየሁ… ይፈሳል ወይ ስልሽ፣ ጨርቁ ለቆ ይሆን ብዬ ነበር የምጠይቅሽ። ልነግርሽ እያልኩ አፍሬ ቀረሁ።»

ለሩት ያ ሁሉ «እህህ» እሷን የሚከስ መስሏት ነበር፤ ለካ ሴትየዋም የራሳቸውን ፍርሃት ይዘው ነው የሚመላለሱት። ማሰሮው ባይደፈን የእሷ ውሃ ባልጎዳው፤ ውሃዋ ባይበዛ ድፍኑ ባልጎዳው።

የዚያን ቀን ማታ ሐብተማርያም ከአባያ በኩል አንድ ሸክም የዘንባባ ዝንጣፊ አመጣ። እትዬ አሳየሽ ለሰፈሩ አደሉት፤ «የአብርሃም ዘንባባ ዘንድሮ ታሟል» እያሉ። በማግስቱ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ፣ የዘንባባ ቀለበት በጣቱ፣ መስቀል በግንባሩ እንዳሰረ ሳሎን እየገባ «እግዜር ይማረው» ብሎ ይወጣ ጀመር። ሩት ውሃ ታቀርባለች፤ ዓይኗ ግን ስልኩ ላይ ነው። ይህን ያህል አፍ አንድ ነገር ሲያውቅ አዲስ አበባ ሩቅ አይደለም።

ስልኩ ከሰዓት በኋላ ጮኸ። መስከረም ነበረች።

«ምን አድርጋችሁ ነው? አንዲት ጎረቤት እንኳን አደረሰሽ ልትላት ደውላ ‹ዘንባባሽ ታመመ አሉ› አለቻት። ስኳሯ ወጥቷል! ነገ ሊሠራላት የነበረው ዓይን ተላለፈ። እኔ ምን ብዬሽ ነበር?»

ከወዲያ በኩል ትንሽ ንግግር ተሰማና የወይዘሮ የማርያምወርቅ ድምፅ መጣ፤ ደረቅ ነበር።

«ሞተ?»

«አልሞተም እማማ።»

«አትዋሺኝ።»

«አልዋሽም። ከዚህ በፊት ዋሽቻለሁ። አሁን ሦስት ዝንጣፊ ነው የቀረው፤ መሐሉ ላይ አንድ ለጋ አለ፤ ይፈታ አይፈታ አላውቅም።»

«ምን አገኘው?»

«ውሃ አበዛሁበት። እኔ ነኝ።»

እትዬ አሳየሽ አጠገቧ ተቀምጠው ይሰሙ ነበር። ሩት የጨርቁን ነገር እንደማታነሣው ሲገባቸው ስልኩን ከእጇ መነጨቁ። «የማርያምወርቅ፣ እኔም አለሁበት፤ አንቺም አለሽበት! ቀዳዳውን ድፈኝ ያልሽኝን ረሳሽ? ልጅቷን ብቻዋን እንዳትወቅሺያት» ብለው በአንድ ትንፋሽ ተናገሩ። ከወዲያ በኩል መስመሩ ተዘጋ።

የሕማማት ሳምንት እንደዚያ አልፎ አያውቅም። ስልክ አልተደወለም። ሐብተማርያም ሲደውል እህቱ «ተኝታለች» ትለዋለች። ሩት ትምህርት ቤት ውላ ትመለስና ከዘንባባው ፊት ወንበር ስባ ትቀመጣለች። አታጠጣም፤ አትነካም፤ ታየዋለች ብቻ። ከሦስቱ ዝንጣፊዎች አንዱ መገርጣት ሲጀምር አየችና ያ ለጋ እንዳይከተለው በጣም ፈራች። አንዲት ሴት ዓይኗ ሳይበራ ብትቀር፣ በእኔ ነው ብላ አሰበች። ይህን ለባሏም አልነገረችውም።

ፋሲካ አለፈ። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ መስከረም ደውላ፣ ስኳሩ እንደወረደ፣ የቀኝ ዓይናቸው እንደተሠራ፣ እንደሚያዩ ተናገረች። ሩት «ተመስገን» አለችና ወለሉ ላይ ተቀመጠች። በዚያው ሰሞን ዝናቡ ዘግይቶ መጣ፤ ለጋውም ቅጠል ከጫፉ እየተሰነጠቀ መፈታት ጀመረ። ሩት እንደ ማራገቢያ እስኪዘረጋ ድረስ አላመነችውም።

ከአዲስ አበባ ሲመለሱ ወይዘሮ የማርያምወርቅ ጥቁር መነጽር አድርገው፣ በሐብተማርያም ተደግፈው ግቢው ውስጥ ከመኪና ወረዱ። ሩት በሩ ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው። አማቷ መነጽራቸውን አወለቁና ከዘንባባው በፊት እሷን አዩ። ለረጅም ጊዜ አዩዋት።

«እንዲህ ነሽ እንዴ?» አሉ። «ድምፅሽን ሰምቼ ወፍራም አድርጌሽ ነበር።»

ሐብተማርያም ሳቀ። ሩት ግን መሳቅ አልቻለችም። አማቷ አልፈዋት ሳሎን ገቡና ማሰሮው ፊት ቆሙ። ዙሪያውን ዞሩት። ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ ሐኪሙ እንዳያለቅሱ ስለነገራቸው መሐረባቸውን ቶሎ አውጥተው ጠረጉት።

«ተክል ይሞታል» አሉ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ። «እሱ አያናድደኝም። እኔ የምናደደው በስልኩ ነው። እዚያ አልጋ ላይ ሆኜ፣ ዓይኔ ሲበራ መጀመሪያ የማየው ለምለም ዘንባባ ነው እያልኩ ነበር የምተኛው። አንቺ ነሽ ያንን ያሳየሽኝ። ‹አዲስ ቅጠል ጨምሯል› አልሽኝ።»

«ይደነግጣሉ ብዬ…»

«ደነገጥኩ እኮ! ከሰው አፍ ሰምቼ ደነገጥኩ።»

«ጥፋተኛ ነኝ እማማ» አለች ሩት። ከዚያ ሳታስበው ቀና አለች። «ግን እርስዎም ውሃውን አትርሺ ብለው ሄዱ እንጂ ምን ያህል አላሉኝም። ቀዳዳው መደፈኑን አልነገሩኝም። ብጠይቅ ምን ይሉኝ ይሆን ብዬ መጠየቅ ፈራሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ እንደፈራሁ ነኝ።»

ሐብተማርያም ሻንጣውን እንደያዘ ቆሟል። ወይዘሮ የማርያምወርቅ ዞረው እንደገና አዩዋት፤ ፊቷን ሊያነቡ የፈለጉ ይመስል ዓይናቸውን ጠበብ አደረጉ። ይቅርታ አላሉም፤ ይቅር ብዬሻለሁም አላሉም። ወንበር ስበው ከዘንባባው አጠገብ ተቀመጡና፣ «ነይ፣ ተቀመጪ» አሏት። «የበሰበሰው ሥር እስከ ምን ድረስ ነበር? አባትሽ በምን ቆረጡት? ከመጀመሪያው ንገሪኝ።»

ሩት ከመጀመሪያው ነገረቻቸው። አባቷ ልቡን ሊቆርጡ ቢላ ያወጡበት ላይ ስትደርስ አማቷ ደረታቸውን ያዙ፤ ቀዳዳው ላይ ስትደርስ «አይ አሳየሽ!» አሉ፣ ወዲያው ደግሞ «አይ እኔ!» አሉ። ምሳ እስኪቀርብ ድረስ ተነጋገሩ።

ዘንባባው እንደ ድሮው ሊሆን ገና ዓመታት ይቀሩታል፤ ይሁን አይሁንም ማንም አያውቅም። ሩት አሁንም ጠዋት ሳሎኑን ስትከፍት ልቧ ይመታል። ልዩነቱ ወይዘሮ የማርያምወርቅ ቀድመዋት ተነሥተው፣ ጆጉን ይዘው፣ ማሰሮው አጠገብ ቆመው የሚጠብቋት መሆኑ ነው።

«ዛሬ?» ይሏታል።

ሩት ጣቷን አፈሩ ውስጥ እስከ መገጣጠሚያው ትከታለች፤ ታስባለች፤ ደግሞ በሌላ በኩል ትከታለች።

«ዛሬ አይደለም» ትላለች።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አይደለሁም» ትላለች ሩት። «ግን ዛሬ አይደለም።»